«እንደ ልጄ ነው የማያት»

ጤና ይስጥልኝ፣

ባንክ ቤት ነው የምሠራው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቤታችን ሦስት ዓመት የቆየች ሠራተኛ አለች። ከጎጃም መጥታ በደላላ በኩል ስትገባ ገና ልጅ ነበረች። እንደ ልጄ ነው የማያት። ገንዘቧን እንዳትበትነው ደሞዟን ራሴ አጠራቅምላታለሁ። ለበዓል ልብስ እገዛላታለሁ፣ ስትታመምም አሳክማታለሁ።

የገብር ኄር እሑድ ለቅዳሴ ልንወጣ ስንል፣ «እትዬ፣ እኔም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ፤ ማታ ማታም ትምህርት ልጀምር» አለችኝ። ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ልጆቹን ማን ይያዝ? ወጡን ማን ይሥራ? ተናደድኩ። «እንደ ልጄ ይዤሽ ምላሹ ይኼ ነው?» አልኳት። በዚያ ባቆም ጥሩ ነበር። ስትመጣ ምን ለብሳ እንደነበር ሁሉ አነሳሁባት። አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ የሰባት ዓመቱ ልጄ ጫማውን ቶሎ ስላላመጣችለት «አንቺ! ስንቴ ነው የሚነገርሽ?» ሲላት ሰማሁት። ቁጣው ቁርጥ የኔ ነው።

ለፋሲካ ልቆርብ አስቤ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። «መጀመሪያ ታረቂያት» አሉኝ። ግን አሠሪ ሠራተኛዋን እንዴት ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? ነገ ብትንቀኝስ? እሷ ደግሞ ለበዓል አገሬ እሄዳለሁ ብላለች፤ የምትመለስ አይመስለኝም። ምን ይመክሩኛል?

እናት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋትሽን ሳትሸፋፍኚ ጽፈሻል፤ ብዙ ሰው እዚህ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ እኔም ሳልሸፋፍን ልመልስልሽ።

የንስሐ አባትሽ ትክክል ናቸው። ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ፣ ሄደህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ወንድምህ አሠሪህ ከሆነ ወይም እኩያህ ከሆነ አላለም። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል ግራና ቀኛችን ለቆመው ሰው እጅ እንነሳለን። ደስ ይላል፣ ቀላልም ነው፤ ብዙውን ጊዜ የማናውቀው ሰው ነዋ። ከባዱ፣ ቤት ትተናት ለመጣነው ሰው እጅ መንሳቱ ነው።

ደግሞ ቀኑ! ገብር ኄር ስለ በጎ አገልጋይ የሚሰበክበት እሑድ ነው። ስብከቱን አንቺ ሰማሽው፤ አገልጋይዋ ወጥ ታማስል ነበር። ልቀልድብሽ አይደለም። እኔም ለዓመታት ቤቴ የምትሠራውን ሴት «ልጅቷ» ስል ኖሬያለሁ፤ የአባቷን ስም የጠየቅኋት ልትሄድ ስትሰናበተኝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «እንደ ልጄ ነው የማያት» ብለሻል። ከልብሽ እንደሆነ አምንሻለሁ። ግን ይህን አባባል ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም የዕረፍት ቀን ወይም የደሞዝ ጭማሪ ሲጠየቅ ነው። የሰባት ዓመት ልጅሽ ጫማ የሚያመጣለት አለ። እሷ ለማን ነው «ጫማዬን አምጣ» የምትለው? ልጅሽ አይደለችም። የሰው ልጅ ናት፤ እናት አላት፤ አንቺ ቤት የገባችው ሠርታ ልታድር ነው። እንደ ልጅ ከመውደድሽ በፊት እንደ ሠራተኛ አክብሪያት። አክብሮት ሰዓት አለው፣ የዕረፍት ቀን አለው፣ ደሞዝ የሚከፈልበት ቀን አለው። ፍቅርሽ እነዚህ ከሌሉት እሷ ጋ የሚደርሰው ቁጣሽ ብቻ ነው።

ደሞዟን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በጎ አስበሽ ነው ያጠራቀምሽው። ግን ስንት እንደደረሰ ታውቃለች? ስትፈልግ ማውጣት ትችላለች? ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የምንደኛን ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ በምዕራፍ 5 የተያዘ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። የኛን አገር ሕግ ያየሽ እንደሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አያቅፍም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2601 እቤት ውስጥ የሚኖር ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ ለአሠሪው ኅሊና ነው የተወው። አስቢው፤ የሷ ዳኛ አንቺ ነሽ ማለት ነው፣ በዚያ እሑድ ጠዋት ነጠላሽን ለብሰሽ በር ላይ የቆምሽው አንቺ።

እንዴት ይቅርታ ልጠይቃት ላልሽው፣ እጇ ሳሙና ውስጥ እያለ አይሁን። ቡና ሲፈላ ከጎንሽ አስቀምጫትና ስሟን ጠርተሽ ተናገሪ። «ያን ዕለት የተናገርኩሽ ነገር ነውር ነው፤ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ።» በቃ። «ግን አንቺም…» የምትል ቃል ከመጣችብሽ ቡናሽን ፉት በይባት። ልጅሽም ይኑር፤ ስድቡን ካንቺ እንደተማረ ይቅርታውንም ካንቺ ይስማ። ጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ታያለሽና፣ እኔም እግሯን ልጠብ ብለሽ ደግሞ እንዳትነሺ። ታፍራለች፤ ለሷ አይጠቅማትም።

ብትንቀኝስ ላልሽው፣ ሦስት ዓመት ልብስሽን አጥባለች፣ ከባልሽ ጋር ስትጣዪ ግድግዳው አልጋረዳትም። ጥፋትሽን ካንቺ በፊት ታውቀዋለች። የሚያስንቅሽ ነገር ካለ፣ እያወቀች እንደማታውቅ መቁጠርሽ ነው።

እሑድን በተመለከተ፣ ባልሽ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ ላይ የለም። አንድ እሑድ እሱ ልጆቹን ይዞ ይቅር፣ አንድ እሑድ አንቺ። እሷ ግን በየሳምንቱ ትሂድ። የማታ ትምህርቱን ደግሞ መቼ እንደሚመዘገቡ አብረሽ ጠይቂላት፤ እራቱ በጊዜ ከቀረበ ከሥራው ጋር አይጋጭም።

ይቅርታሽን ሰምታም ልትሄድ ትችላለች። ይቅር ማለትና አብሮ መኖር የተለያዩ ናቸው፤ ለምነሽ አታስቀሪያት። ግን አገሯ ከመግባቷ በፊት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ መሥሪያ ቤትሽ ትምጣ። መታወቂያዋን ይዛ። በስሟ ደብተር ክፈቺላትና የሦስት ዓመቱን ገንዘብ ፊቷ ቆጥረሽ አስገቢላት። ደብተሩን በእጇ ስጫት፤ «እኔ ላስቀምጥልሽ» እንዳትዪ።