ቮልሴ ዳገት ላይ ይግላል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴ ቮልስ (እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል) ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ይግላል፣ ጉልበትም ያጣል። አንድ ጋራዥ «ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ላስወርደው?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል! ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ነው። መጀመሪያ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎሚኒ እይ። ከተቀደደ ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባል። አየሩን በሞተሩ ዙሪያ የሚመሩት ላሜራዎችም ይሟሉ፤ «ትርፍ ነው» ብሎ የሚጥላቸው መካኒክ ያናድደኛል። የማራገቢያው ቺንጊያ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ የቫልቮቹን ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር አድርግ። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር! በዚህ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ይከልልበታል፤ ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይር። ከዚያ ኮምፕረሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) አስለካ። የሦስተኛው ከሌሎቹ በጣም ካነሰ፣ ያኔ ሞተሩ ይውረድ።