33ቱን ጥያቄ እንዳለ እንዳትበትኚው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ማስተርስሽን በእንግሊዝኛ ማስተማር እየሠራሽ ነው፤ ርዕስሽ የጅማ ከተማ 9ኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ ለመናገር ያለባቸው ፍርሃት ነው፤ የውጭ ቋንቋ ክፍል ውስጥ ያለን ፍርሃት የሚለካውን የእነ ሆርዊትዝን ባለ 33 ጥያቄ መጠይቅ አውርደሽ ግንቦት ላይ ልትበትኚ ነው፤ «ስንት ተማሪ ይበቃኛል?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ጅማ በዚሁ ጉዳይ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ስለ ቁጥሩ አትጨነቂ። ፎርሙላ አለው፣ አድቫይዘርሽም ይነግርሻል። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው።

1. መጠይቁን አውጪና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተሞከረውም ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ስፓኒሽ በጀመሩ ተማሪዎች ላይ ነው። ከ33ቱ መካከል «በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ከሌላው ክፍለ ጊዜ ይበልጥ እጨነቃለሁ» የሚል ሐሳብ ያለው አለ። እስቲ አስቢው። ለቴክሳሱ ልጅ ሌላው ትምህርት ሁሉ አፍ በፈታበት ቋንቋ ነው። የእኛ ልጅ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ወይ በአማርኛ ተምሮ፣ 9ኛ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ታዲያ ከምኑ ጋር ያወዳድር? ፓይለት (ከዋናው በፊት የሚደረገውን ሙከራ) ሳደርግ አንዲት ተማሪ እስክሪብቶዋን እየነከሰች ብዙ ቆየችና «ቲቸር፣ እኔን የሚያስፈራኝ ፊዚክስ ላይ ሲጠይቁኝ ነው፤ የቱ ጋ ልሙላው?» አለችኝ። የሚሞላበት ቦታ የለውማ! ያን ጥያቄ ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱ ስለ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡት ሌሎች ትምህርቶች። ጉራ አይሁንብኝና ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነሩ ያመሰገኑኝ በዚህ ነው።

እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ ሰዎች ጋር ስለማውራት የሚጠይቁም አሉ። አጂፕ ሰፈር ያደገ ልጅ እነሱን ከየት ያመጣል? ወይ አውጪያቸው ወይ ወደ አስተማሪው አዙሪያቸው። የቀየርሽውን ሁሉ ከነምክንያቱ ጻፊ እንጂ ዝም ብለሽ አትለፊው። መጠይቁን ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዳትሰጪያቸው። እንግሊዝኛ የሚፈራን ልጅ በእንግሊዝኛ «ትፈራለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል?

2. ከ33ቱ 9ኙ በተቃራኒው የተጻፉ ናቸው፤ «አልጨነቅም»፣ «ዘና እላለሁ» የሚሉ። ኮምፒውተር ላይ ስታስገቢ እነሱን መገልበጥ አለብሽ፤ መልሱ ከ1 እስከ 5 ነውና 5 የነበረው 1፣ 4 የነበረው 2 ይሆናል፤ 2ም 4፣ 1ም 5። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ሳይገለብጥ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ጨመረው። አልፋው፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያሳየው ቁጥር፣ በተለምዶ የሚጠበቀው 0.70 አልደርስ አለው። «ተማሪዎቹ ቀለዱብኝ» ብሎ ተናደደና ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ እንደ አዲስ በተነ። የፎቶ ኮፒው፣ የባጃጁ፣ የእረፍት ቀኑ ሁሉ ድጋሚ። አልፋው ያው። ነገሩ የታወቀው ሻይ ቤት ተቀምጠን ላፕቶፑን ስንከፍትለት ነው። የመጀመሪያው ዳታ ምንም አልነበረበትም! እስከ ዛሬ ይህን ስናነሳበት አይስቅም።

3. ግንቦት የሚለውን ሰርዢው። ግንቦት ላይ መምህሩ ምዕራፍ ለመጨረስ ይሮጣል፤ ክፍል ገብተሽ የምታዪው የንግግር ትምህርት የለም፣ ክለሳ ነው። ዝናቡም አለ። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ጣራው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ከሰዓት በኋላ የቀዳሁት አንድ ቃለ መጠይቅ አለኝ፤ መምህሩ ከልባቸው ያወራሉ፣ የሚሰማው ግን ቆርቆሮው ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ቅጂ። ከከተማ ወጣ ብለሽ ጎማ ወይ ማና ወረዳ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳርም ያስቸግራል፤ የቡና ለቀማ ነው፣ ስም ዝርዝሩ ላይ ያለው ተማሪ ሁሉ ክፍል ውስጥ አታገኚውም። ለአንቺ የሚሻለው የካቲትና መጋቢት ነው።

ለዚያ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚያስገባሽን የፈቃድ ደብዳቤ ከአሁኑ ጀምሪ። ወይ ደብዳቤ! ከዲፓርትመንት የተጻፈልኝ በእንግሊዝኛ ነበር፣ በቀጥታ ለትምህርት ቤቶቹ። ትምህርት ቤት ስሄድ «ከበላይ ይምጣልን» አሉኝ። የበላይ ቢሮ ስሄድ መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ከስልኳ ቀና ሳትል «ለእኛ አልተጻፈም» አለችኝ። አስቀይሬ መጣሁ። «በአፋን ኦሮሞ ይሁን» አለችኝ። የቢሮው የሥራ ቋንቋ ነውና ልክ ናት፤ ግን ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እሱን ይዤ ስመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። የሚፈርም ተወካይ አለ፣ ማኅተሙ ግን ተቆልፎበታል። ለማስተርስ ጥናት ሳይሆን ቤት ልቀማቸው የመጣሁ ነበር የመሰለው። ስለዚህ ደብዳቤሽ ሲጻፍ ለቢሮውም ለትምህርት ቤቶቹም በየስማቸው፣ በሁለቱም ቋንቋ ይሁን። የትምህርት ቤቶቹን ስም ሁሉ አስገቢ፤ የፓይለቱንም ጭምር። እሱን ረስተሽ ከሄድሽ ያቺው መስኮት ፊት ትቆሚያለሽ።

ትምህርት ቤት ስትደርሺ ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ ምክትሉን ያዢ፤ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ እጃቸው ላይ ነው። ያስተካከልኩትን የአፋን ኦሮሞ መጠይቅ ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ፣ እልክልሻለሁ። ፓይለቱን ግን በራስሽ ተማሪዎች አድርጊው።