መልስ፦ የእግር ጉዞ ብቻውን ከመውደቅ ይጠብቃል ወይ?
የ74 ዓመት እናትዎ ሳሎን ውስጥ ከወደቁ ወዲህ በየቀኑ በእግር እንዲሄዱ ማድረጉ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። እግዚአብሔር ይማርልዎ፤ ጉዞው ጥሩ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ከመውደቅ ይበልጥ የሚጠብቀው የእግር ጡንቻን የሚያጠነክርና ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ይህን መሰሉን ልምምድ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይመክራል።

እኔ የማስቀድመው ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ነው። ከግድግዳ በተጠጋ ጠንካራ ወንበር ላይ (ሶፋ ስለሚያሰምጥ አይሆንም) ወደ ጫፉ ጠጋ ብለው ይቀመጡ፤ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ፣ ደረታቸውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው፣ ከቻሉ በእጃቸው ሳይደገፉ ቀስ ብለው ይነሡ፤ ሲቀመጡም ዘፍ ሳይሉ በዝግታ ይውረዱ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ይዘው ተረከዛቸውን ያንሡ። እርስዎ ከአጠገባቸው አይራቁ።

ልምምዱ የሚዘልቀው ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ሲያያዝ ነው፤ ቡናው እየተቆላ፣ ከአቦል በፊት ቢሠሩት አስታዋሽ አያስፈልጋቸውም። እንደገና እወድቃለሁ ብለው ፈርተው መቀመጥ ካበዙ ጡንቻቸው ይበልጥ ይደክማልና በትዕግሥት ያበረታቷቸው። ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም የደም ግፊታቸውንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይመልከትላቸው።