ድሃ የሚባለው ማነው? ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

በቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ናቸው፤ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ "ድህነት ቀነሰ" ሲባል ምኑ ተለክቶ ነው?

መልስ፦ መነሻው ምግብ ነው። አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበት ቀለብ ይተመናል። ልብሱ፣ ቤቱ፣ ሌላው ወጪ ይጨመርበታል። ድምሩ የድህነት መስመር ይባላል። በ2008 ዓ.ም. መስመሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን 20 ብር እንኳ አይሞላም። ከዚያ በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ሆነ። ትልቅ ለውጥ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኑሮ ለምን አልቀለለንም?

መልስ፦ መስመሩን በአንድ ብር ያለፈም ከድሃ አይቆጠርማ! አንዲት እናት ቤት ገብቼ የሳምንት ቀለባቸውን ጠየቅኳቸው። ሽሮውን በጣሳ እየሰፈሩ አሳዩኝ። ዘይቱን፣ ጨውን፣ ቡናውን አንድ በአንድ መዘገብኩ። ማታ ሳሰላው ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ይላል። እሳቸው ግን ደጅ የታሰረችውን ላም እያዩ "ልጄ፣ እኔ ከታመምኩ እሷ ትሸጣለች፤ ከዚያ ወዲያ አለቀልን" ብለውኛል። ለእኔ ድህነት ይሄ ነው። አንድ ሕመም ወይም አንድ ክረምት ዝናብ ሲቀር ቤቱን የሚያፈርሰው ከሆነ፣ ያ ቤተሰብ ከድህነት ወጣ አልልም።

ጥያቄ፦ ሴፍቲኔት ጠቅሟል?

መልስ፦ አዎ። በየዓመቱ ቀለብ የሚያጥራቸውን ቤተሰቦች የሚደግፍ ፕሮግራም ነው። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው በየዓመቱ እርዳታ ከመለመን ማውጣት ነበር። መሥራት የሚችል እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። አቅመ ደካማው ሳይሠራ ይከፈለዋል። የሚጎዳው መዘግየቱ ነው። የግንቦት ክፍያ ሐምሌ ከደረሰ በጉ ተሽጧል።

ጥያቄ፦ የሀብት ልዩነታችንስ?

መልስ፦ በጂኒ መለኪያ (ወደ 0 ሲጠጋ እኩልነት፣ ወደ 1 ሲጠጋ ሰፊ ልዩነት ማለት ነው) በ2008 ዓ.ም. 0.33 ነበር። የደቡብ አፍሪካ 0.63 ገደማ ነው። ግን የእኛ ጥናት የሚለካው ፍጆታን እንጂ ሀብትን አይደለም። ባለ ትልቅ ግቢው ደግሞ ዘበኛው ከበር ይመልሰናል።

ጥያቄ፦ አንድ ነገር ይስተካከል ብትባል?

መልስ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በካርዱ ይታከማል። የእኚያን እናት ስጋት በቀጥታ የሚነካ እሱ ነው። ካርዱ በእጃቸው እያለ "መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ" ከተባሉ ግን ላሚቱ ያው ትሸጣለች።