ጂፒ (የሰፈር ሐኪም ቤት) ለመመዝገብ የመብራት ቢል?

ጥያቄ፦ ለንደን ከመጣሁ 3 ወር ሆነኝ። የምኖረው የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። የሰፈሩ ጂፒ ልመዝገብ ብዬ ብሄድ፣ ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ “በስምሽ የመጣ የመብራት ቢል አምጪ” አለችኝ። ከየት ላምጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔንም ያኔ እንዲሁ መልሰውኛል። ፓስፖርቴን ታቅፌ ዝናብ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እንግሊዝ ውስጥ ለጂፒ ምዝገባ መታወቂያም፣ የአድራሻ ማስረጃም፣ የመኖሪያ ፈቃድም ግዴታ አይደለም። ክፍያም የለውም። ተመለሽና የምዝገባ ቅጽ ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ “ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ” በያቸው፤ በ14 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው። ይቺን ስትሰማ ድምፅዋ ለስለስ ማለቱ አይቀርም። አስተርጓሚ ከፈለግሽም ሲመዘግቡሽ ንገሪያቸው፣ በነጻ ነው። የአክስትሽን ልጅ ይዘሽ እንዳትገቢ ብቻ! እኔ የሆድ ድርቀቴን በአጎቴ አፍ አስተርጉሜ፣ ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ገባ።