ድንጋዩን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ውሃ ውሃ ይላሉ። ጣዕም የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ እውነትም ሁሉም ስለ ወንዝና ስለ ሐይቅ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ አምስት አስቀርቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። እኔ "ውሃ ጥርት ብሎ ወለሉ ድረስ ከታየ ንጹህ ነው" እላለሁ፣ እሱ "አይደለም" ይላል። ውርርዱን ማን ይብላ?

መልስ፦ ጓደኛህ በልቶሃል። ዓይን የሚያየው ጭቃን ነው፣ መርዝን አይደለም። ውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ ናይትሬት ቀለም የላቸውም። በሽታ የሚያመጡ ጀርሞችም ውሃውን ሳያደፈርሱ ተመችቷቸው ይኖራሉ።

እንዲያውም አንዳንዴ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የአሲድ ዝናብ የስካንዲኔቪያንና የሰሜን አሜሪካን ሐይቆች በመታበት ዘመን አንዳንዶቹ ከበፊቱ ይልቅ ጠሩ። ሰማያዊ፣ ፎቶ የሚያስነሳ ውሃ ሆኑ፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ቤት ነበር።

ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ በሚባለው ግዛት ከ1968 ጀምሮ ለምርምር ብቻ የተተዉ ትንንሽ ሐይቆች አሉ። ልብ በል፣ እዚያ የሚሞክሩት ጠርሙስ ውስጥ አይደለም፣ ሙሉ ሐይቅ ላይ ነው። ዴቪድ ሺንድለር የሚባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ1976 ጀምሮ ቁጥር 223 በተባለው ሐይቅ ላይ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ አሲድ እየጨመሩ የሚሆነውን ተከታተሉ። ትልልቆቹ ትራውት ዓሦች መጀመሪያ ምንም አልሆኑም። ቀድመው የጠፉት ምግባቸው ናቸው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ወደ 6 ገደማ ሲወርድ ሽሪምፕ መሰሎቹ ፍጥረቶችና ትንንሾቹ ዓሦች አለቁ። ከዓመታት በኋላ የተነሳው የትራውት ፎቶ ዛሬም ያሳዝናል፤ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ሰውነቱ ግን ክር። የጨረሰው አሲዱ ሳይሆን ረሃቡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልልቆቹን ዓሦች ብቻ የቆጠረ ሰው "ሐይቁ ሰላም ነው" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መምህራችን "ተመራማሪዎች ወንዝን በትል ይመረምራሉ" ስትለን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያ ሁሉ የቤተ ሙከራ መሣሪያ እያለ ለምን ትል?

መልስ፦ መምህርሽ ልክ ናት፤ ነገ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት።

ጠርሙስ የሚይዘው የአንዲት ደቂቃን ውሃ ነው። ፍሳሹ ሌሊት ተለቆ አንቺ ጠዋት ከቀዳሽ የምርመራው ወረቀት "ችግር የለም" ሊልሽ ይችላል። ትሉ ግን ሌሊቱንም እዚያው ነበር። አንዳንዶቹ የነፍሳት እጮች አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ እዚያው ወንዝ ወለል ላይ ይኖራሉ፣ ስለዚህ በዚያ ሁሉ ጊዜ የመጣውን ሁሉ ችለዋል ወይም ሞተዋል ማለት ነው። በ1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ አንድ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለና እሳቱን ያጠፉበት ውሃ ፀረ ተባዩን ጠርጎ ራይን ወንዝ ውስጥ ከተተው። ወንዙ ቀላ። ኢል የሚባሉት እባብ መሰል ዓሦች ብቻ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ሞቱ። ቀዩ ውሃ ወርዶ ወርዶ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሰው ነገሩን የሚነግረው ወለሉ ላይ ማን እንደጠፋና ማን እንደቀረ ነው።

እስቲ ራስሽ ሞክሪው። ፈጠን ብሎ ከሚፈስ፣ ጉልበት ከማይደርስ ቦታ፣ ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ ቀስ ብለሽ አንሺና ገልብጪው። ነጭ ሳህን ላይ ትንሽ የወንዙን ውሃ አድርጊና ሆዱን በጣትሽ እጠቢበት። መጀመሪያ ቆሻሻ ብቻ ይመስላል። ታገሺ። ትንሽ ቆይቶ ቆሻሻው መራመድ ይጀምራል።

አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጭራ ያለው፣ በሆዱ ግራና ቀኝ ቅጠል የመሰለ ነገር የሚያርገበግብ ካየሽ እሱ ሜይፍላይ ነው፤ የሚያርገበግበውም መተንፈሻው ነው። ሁለት ጭራ ያለው ረጋ ያለ ዘመዱ የሚመስለው ስቶንፍላይ ይባላል። ሌላው ደግሞ ካዲስፍላይ ነው፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ከአፋቸው በሚያወጡት ሐር የአሸዋ ቅንጣት ለቅመው እያጣበቁ ጠባብ ቱቦ ሠርተው ውስጡ ይኖራሉ፣ ቤታቸውንም ተሸክመው ይዞራሉ። እነዚህ ሦስቱ በአመዛኙ ቅንጡ ናቸው። ኦክስጅን ሲጎድልባቸው አይችሉም።

አሁን ሌላ ሳህን አስቢ፤ ደም የመሰለ ቀይ ትል ብቻ የሚተራመስበት። ቀይ ያደረገው ሄሞግሎቢን ነው፣ የእኛን ደም የሚያቀላው ነገር ዓይነት። ውሃው ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን በሱ እየለቀመ ሌላው በማይኖርበት ይኖራል። ከዚያም የባሰ ውሃ ውስጥ ረጅም ጭራ ያለው የዝንብ እጭ ታገኛለሽ። ጭራው ግን ጭራ አይደለም፤ እስከ ውሃው ገጽ የሚዘረጋ የአየር ቱቦ ነው። አየሩን ከውጭ የሚስብ እንግዳ ሲበዛ ቤቱ ውስጥ አየር የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ቀይ ትል ንጹህ ወንዝ ውስጥም አለ። የሚያስጠረጥረው ሌሎቹ ጠፍተው እሱ ብቻውን ሲነግሥ ነው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ በአንድ ሳህን ቀይ ትል ወንዝ ሙሉ ኮንኜ ሪፖርት ጻፍኩ። ጽሑፉን ያየችልኝ ባልደረባዬ "ስንት ድንጋይ ገለበጥክ?" አለችኝ። አንድ። ሪፖርቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ደግሞም ትሉ "እዚህ ክፉ ነገር ደርሷል" ይልሻል እንጂ መርዙ መዳብ ይሁን ፀረ ተባይ አይነግርሽም። ያኔ ነው ጠርሙሱና ቤተ ሙከራው የሚመጡት።

ጥያቄ፦ ለዓመታት የማውቀው ሐይቅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የተደፋ አረንጓዴ ቀለም መሰለ። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ዓሣው ሞቶ ተንሳፎ አገኘነው። መርዝ የጨመረበት ሰው ይኖር ይሆን? ውሃውንስ አፍልተን ብንጠጣው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እባክዎ አፍልተው እንዳይጠጡት። አረንጓዴው ነገር ሳይኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ አልጌ በፀሐይ ብርሃን የሚኖር ባክቴሪያ ከሆነ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ይህንን መርዝ ግን አያጠፋም፤ እንዲያውም ሴሎቹ ሲፈነዱ የያዙትን ይለቃሉ፣ ውሃው ሲተን ደግሞ የቀረው ይወፍራል። በ2014 አሜሪካ ውስጥ ቶሊዶ የምትባለው ከተማ ከኢሪ ሐይቅ የሚጠጡ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች "አትጠጡ፣ አፍልታችሁም አትጠጡ" የተባሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ከብትና ውሻም ያርቁ።

ወደ ዓሣው ስንመጣ፣ የሞተበት ሰዓት ራሱ ፍንጭ ነው። አልጌና ሳይኖባክቴሪያ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራሉ፣ ሌሊት ግን እነሱም እንደኛ ይተነፍሳሉ። የሞተውን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ኦክስጅኑ እየወረደ እየወረደ ሄዶ ሊነጋ ሲል ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ሙቀት ደግሞ ይጨምርበታል፤ ጨው አልባ ውሃ 0 ዲግሪ ላይ በሊትር 14.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ 25 ዲግሪ ላይ የሚይዘው 8.3 ገደማ ብቻ ነው። ከ5 በታች ብዙ ዓሣ ይጨነቃል፣ ከ2 በታች ብዙው ይሞታል። ረፋድ ላይ መጥቶ የለካ ሰው ኦክስጅኑን ሞልቶ ያገኘውና ግራ ይጋባል። ሆን ብሎ መርዝ የጨመረ የለም ብዬ ከዚህ ሆኜ አልምልልዎትም፤ አረንጓዴው ቀድሞ፣ ሞቱ ደግሞ ጎህ ላይ ከሆነ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው መታፈንን ነው።

ሐይቁን እንዲህ የሚያደልበው በአብዛኛው ፎስፈረስ ነው፤ ናይትሮጅንም አለበት። ከማዳበሪያ፣ ከሰው ፍሳሽ፣ ከከብት እበት፣ ድሮ ደግሞ ከልብስ ሳሙና በብዛት ይመጣ ነበር። የሳሙና አምራቾች "ጥፋቱ የካርቦን ነው" ብለው የተከራከሩበት ዘመን ነበር። እነዚያው የካናዳ ተመራማሪዎች በ1973 ሐይቅ 226ን ወገቡ ላይ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ፣ በሌላው በኩል እነዚያኑ አድርገው ፎስፈረስ ደረቡበት። ፎስፈረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፣ ሌላው እንደነበረ ቀረ። ከአየር ላይ የተነሳው ፎቶ ሳይንስ ያልተማረውንም ሰው ዝም አሰኝቷል።

የሚያናድደው ነገር፣ ፍሳሹ ዛሬ ቢቆም ሐይቁ ነገ አይድንም። ወለሉ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመው ፎስፈረስ ከታች ኦክስጅን ሲጠፋ መልሶ ይለቀቃል።

ጥያቄ፦ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሽንት ቤት እየደፋሁ ውሃ እለቅበታለሁ። አንድ ሁለት ኪኒን ምን ያመጣል?

መልስ፦ ተዪው። ካልሽ ደግሞ ስለ መጠን እንነጋገር። ከ2001 እስከ 2003 ድረስ እዚያው ካናዳ ሐይቅ 260 ውስጥ በየበጋው የወሊድ መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለውን ሠራሽ ኤስትሮጅን፣ ማለትም የሴት ሆርሞን ጨመሩ። መጠኑ በሊትር 5 ናኖግራም ገደማ ነበር፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚያህል ነገር 400 በሚያህሉ የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳዎች ውስጥ እንደማሟሟት። ወንዶቹ ትንንሽ ዓሦች በሴቶች ብቻ መገኘት ያለበትን የእንቁላል ፕሮቲን መሥራት ጀመሩ፣ ዘሩም ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ትራውቱም እንደገና ምግብ አጣ። ደግነቱ መጨመሩ ሲቆም ከዓመታት በኋላ ትንንሾቹ ዓሦች ተመለሱ።

እውነቱን ለመናገር ወደ ውሃ የሚገባው መድኃኒት አብዛኛው የሚመጣው ከተጣለ ኪኒን ሳይሆን ከሰው ሽንት ነው። ያንን ማስቀረት አትችይም፣ የተረፈውን ግን ትችያለሽ። የሚቀበል ፋርማሲ ካለ እዚያ መልሺ። ከሌለ ደግሞ ከአፈር ጋር ቀላቅለሽ፣ አሽገሽ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣዪው።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሐይቅ መከታተል እንፈልጋለን፣ ግን መሣሪያም ገንዘብም የለንም።

መልስ፦ ሳህን፣ ገመድና ደብተር ይበቃችኋል። በ1865 አንጄሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሰው ነጭ ክብ ሳህን በገመድ ባሕር ውስጥ እያወረደ የት ላይ እንደሚጠፋ ለካ። ለሐይቅ ዛሬ የሚሠራበት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ነው። ከስሩ ክብደት እሰሩበት፣ ገመዱ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። እኩለ ቀን አካባቢ፣ በጀልባው የጥላ ወገን አውርዱት። ሲጠፋ ጥልቀቱን ጻፉ፣ ወደ ላይ ስትስቡት እንደገና ሲታይ ጻፉ፣ አማካዩን ውሰዱ፤ ሳህኑ የሚጠፋው በጠለቀ ቁጥር ውሃው ጠርቷል ማለት ነው። ቦታው አይቀየር፣ የሚያየውም ሰው አንድ ይሁን።

ከላይ እንዳልኩት መጥራት ብቻውን ንጽሕና አይደለም፣ ስለዚህ ዳር ላይ ድንጋይ መገልበጡንም ጨምሩበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ ጻፉ። ያልወጣችሁበትን ቀን ደግሞ ባዶ ተዉት፣ በግምት እንዳትሞሉት።