ሜዳው ጭቃ ሆነብን፤ እንሰርዘው ወይ?

ጥያቄ፦ በዓመት አንዴ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን ለሦስት ቀን የምንሰባሰብ 200 ገደማ ሰዎች ነን። ዘንድሮ ከመክፈቻው በፊት ሁለት ሌሊት ሙሉ ዘነበና መግቢያው ማጥ ሆነ። ቀድመው የመጡት መኪኖች ገቡ። ከኋላ የመጡትን ግን ጭቃው ያዛቸው፤ አንዱን ጎትቶ ሊያወጣ የሄደውም እዚያው አብሮ ቀረ። ጭድ ብንበትንበት ጭራሽ ባሰበት። ለሚቀጥለው ዓመት ሰማዩ ካስፈራራን እንሰርዝ? ወይስ መላ አለው?
አስተባባሪዋ

መልስ፦ መላ አለው እህቴ። መኪና ሜዳው ላይ አታስገቢ።

ዝናብ ብቻውን ሜዳን እንዲህ አያደርገውም። ሳሩ አፈሩን በሥሩ ጨብጦ ስለሚይዘው ሰው በእግሩ ቢመላለስበት ለጊዜው ይችላል። የመጀመሪያው መኪና ሲያልፍ ግን ሳሩ ይገነጠላል፣ ጎማው ቦይ ይሠራል፣ ከግራም ከቀኝም ያለው ውሃ ወደዚያ ቦይ ይወርድና አሥረኛው መኪና ሲደርስ የሚያገኘው ሌላ መሬት ነው። ቀድመው የመጡት ገብተው የኋለኞቹ የቀሩት ለዚህ ነው። መሬቱ መረሬ (ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር) ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ጭቃው የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፣ ጎማው ልሙጥ ይሆናል፣ ያኔ ፎር ዊልም ብዙ አያድንም።

መሬቱን ቀድመሽ ሄደሽ እዪው። ከሥር ትንሽ አፈር ቆፍረሽ አውጪ፣ እርጥብ አድርጊውና በመዳፎችሽ መሃል አሽከርክሪው። እንደ እስክሪብቶ ቀጥኖ ሳይሰባበር ከተጠቀለለ ሸክላ የበዛበት አፈር ነው፤ ዝናብ ሲነካው መኪና አይችልም። ከተፈረካከሰ የተሻለ ውሃ ያሳልፋል። በግሌ ይሄን ሳላይ ቦታ አልመርጥም።

ከዚያ ደረቅና ጠንካራ ቦታ ፈልጊና መኪኖቹ ሁሉ እዚያ ይቁሙ፣ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ይግባ። ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። አንድ መስመር ግን ለአምቡላንስ ብቻ ተይዞ ማንም ጎማ ሳይነካው ይቆይ። በዊልቸር የሚሄዱትን ወይም እግራቸውን የሚያማቸውን ቀድመሽ ጠይቂና ድንኳናቸው ጠንካራው መሬት ጫፍ ላይ ይተከል። ይሄንን እባክሽ በመጨረሻው ሰዓት የሚታሰብ ነገር አታድርጊው፤ ጭቃ ሲመጣ መጀመሪያ ከደጅ የሚቀሩት እነሱ ናቸውና።

ጭዱን በተመለከተ፣ የበተናችሁት ከረፈደ በኋላ ነው። ጭቃ ላይ የተበተነ ጭድ ለጥቂት ሰዓት ውሃውን ይመጥጣል፣ ከዚያ ተረግጦ ከጭቃው ጋር ይቦካል። ለእግር መንገድ የሚሻለው የተፈጨ እንጨት ነው፣ ወፈር ተደርጎ፣ ዝናቡ ሳይጀምር።

ያም ሆኖ መኪና ከተያዘ ነዳጅ መርገጡን ወዲያው አቁሙ። ጎማው በሾረ ቁጥር ጉድጓዱን ለራሱ ይቆፍራል። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ዝቃችሁ የመኪናውን ምንጣፍ ወይም ጣውላ አስገቡ፣ የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀንሱ (አስፋልት ላይ ሳትወጡ መልሳችሁ ሙሉት)፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነዳ። በገመድ ከተጎተተ ደግሞ ሰው ሁሉ ከገመዱ ይራቅ። ከመኪናው ኋላ ተጎታች የሚታሰርበት የብረት ኳስ ላይ ገመድ እንዳታስሩ፤ ተሰብሮ ሲወረወር ሰው ይገድላል። የጭስ ማውጫው በጭቃ ከተደፈነ ሞተሩን አስነስቶ ውስጥ መቀመጥም አደጋ ነው፤ መርዛማው ጭስ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

መሰረዙ ላይ፣ መብረቅና ጎርፍ ካለ ሳታቅማሚ ሰርዢ። ለጭቃ ብቻ ግን አልሰርዝም፤ የሚሰረዝ ከሆነም ውሳኔው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2023 ጀርመን ውስጥ የቫከን የሙዚቃ ፌስቲቫል በጭቃ ምክንያት መግቢያውን ሲዘጋ ብዙ ሰው መንገድ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ኔቫዳ በረሃ ላይ በርኒንግ ማን የሚባለው ፌስቲቫል ታዳሚዎች ደግሞ የተቸገሩት በመውጫው ነው፤ ዘነበ፣ መኪና መንዳት ተከለከለ፣ ከ70,000 በላይ ሰው ውሃና ምግቡን እየቆጠበ ባለበት እንዲቆይ ተነገረው። ስለዚህ ለሦስት ቀን ብላችሁ ስትወጡ የአምስት ቀን ውሃና ምግብ ያዙ። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መድኃኒቱን መኪናው ውስጥ ትቶት እንዳይገባ በር ላይ አንድ በአንድ ጠይቂ።